በወይራ የታጠነው ዕቃ

ቱፋ ቃበቶን የማውቀው ፈረሱ ከመሞቱ በፊት ነው። ያኔ አሰላ ውስጥ ጋሪ ይነዳ ነበር፤ ከብቅል ፋብሪካው እስከ ገበያው ድረስ የማያመላልሰው ነገር አልነበረም። ሌላው ባለጋሪ ፈረሱን በአለንጋ ሲያዝ እሱ በአፉ ነበር የሚለምነው። ዳገት ላይ ሲደርስ ይወርድና ከጎኑ እየተራመደ በኦሮምኛ ያወራዋል፤ ተሳፋሪው ጋሪው ላይ ሆኖ ይስቃል። እኔም ስቄበታለሁ። የግብርና ቢሮ ጸሐፊ ሆኜ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከሰው ጋር እንኳ በቅጡ ኦሮምኛ ማውራት ያልቻልኩ ሰውዬ፣ ከፈረስ ጋር በሚያወራ ሰው ላይ መሳቄ ዛሬ ሲታወሰኝ ያናድደኛል።

ፈረሱ ሲሞት ከተማው በባጃጅ ተሞልቶ ስለነበር ሌላ አልገዛም። ጋሪውን ሸጠና ከከተማው ከፍ ብሎ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የአፕል እርሻ ውስጥ ረጪ ሆኖ ተቀጠረ። እኔም ጡረታ ወጥቼ እዚያው የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ሆኜ ነበርና እንደገና ተገናኘን። መድኃኒት ስል የተባዩን መርዝ ማለቴ ነው። እዚያ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ እኔም ለምጄዋለሁ።

ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ቅርንጫፉን ሲወርር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ሰባት ሰዎች ሃያ ሊትር የሚይዝ መርጫ በጀርባቸው አዝለው በዛፎቹ መሐል ረድፍ ለረድፍ ይሄዳሉ። ጓንት አንድ ጊዜ መጥቶ ነበር፤ በሁለት ወሩ ተቀደደ። ሌላ ይመጣል ተባለ፤ እስከ ዛሬ ይመጣል። መነጽሩ በላብ እየደበዘዘ ስለሚጋርዳቸው ወደ ግንባራቸው ይሰቅሉታል፤ አፋቸውን በፎጣ ያስራሉ። ነፋሱ ከተራራው ሲወርድ የረጩት ተመልሶ ፊታቸው ላይ ያርፋል። ሥራ ሲያበቃ ዓይናቸው ያለቅሳል፣ ምራቃቸው ይዝረበረባል፣ አንዳንዱ መርጫውን አውርዶ አጥሩ ሥር ያስመልሳል። ከዚያ ተያይተው ይስቃሉ። አብዲሳ የሚባለው ስድስት ዓመት ከረጨ በኋላ ዛሬ የሸሚዙን ቁልፍ ራሱ መቆለፍ አይችልም። ከእርሻው በር ፊት ለፊት ባለው ቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ዕድሜ ልኩን የሚያውቀውን ሰው ስምህ ማነው ብሎ ይጠይቃል። ረጪዎቹ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይሉትና ገብተው መርጫቸውን ያነሳሉ።

የሚተማመኑት በወተቱ ነበር። ወተት ማርከሻ ነው፤ ይህን የማያምን ረጪ እስካሁን አላጋጠመኝም። እርሻውም ጓንት መግዛት ሲያቅተው ወተት መግዛት አላቃተውም፤ ከሥራ በኋላ ለያንዳንዱ ረጪ ግማሽ ሊትር ይሰጣል። የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ተሰልፈው ባልታጠበ እጃቸው ኩባያውን ይቀበሉና ባንዴ ይጨልጡታል፤ ወተቱ ገብቷል፣ መርዙ ረክሷል፣ አለቀ። መታጠብ እንደሚገባ፣ ልብስ መቀየር እንደሚገባ ግድግዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ተለጥፏል። የለጠፍኩትም እኔው ነኝ። በአማርኛ ነው የተጻፈው፤ ከሰባቱ ረጪዎች አማርኛ ማንበብ የሚችለው አንድ ሰው ነው።

ባዶዎቹ የመድኃኒት ዕቃዎችም ደንብ ነበራቸው። ሦስት ጊዜ ታጥበው፣ በሚስማር ተበስተው፣ ጉድጓድ ይገባሉ። ሚስማሩና መዶሻው ጠረጴዛዬ ላይ ነበሩ። ነገር ግን ዕቃው ራሱ ያሳሳል፤ አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ነጭ፣ ወፍራም፣ ሰማያዊ ክዳኑ ሲጠብቅ ጠብታ የማያሳልፍ። ሰዎቹ ለዘይት፣ ለጋዝ፣ ለማር ይፈልጉታል። አንድ እንኳ ጋሼ፣ ሲሉኝ እምቢ ማለት አልችልም። ደግ ሰው መባል እወዳለሁ፤ የቆየ በሽታዬ ነው። እናም ደህና ደህናውን ሳልበሳ መደርደሪያው ሥር አስቀምጣለሁ።

ቱፋ ግን ለምኖኝ አያውቅም ነበር።

ያገባው ዘግይቶ ነው። ሰኪናን ሲያገባ አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ስድስት ዓመት ልጅ ሳያገኙ ቆዩና ሲፈን ተወለደች። ስለዚች ልጅ ማውራት ከጀመረ ማቆሚያ የለውም፤ ካቦው ሚፍታ ቱፋ አፉን ሲከፍት ደግሞ ሊጀምር ነው ብሎ ይሸሻል። ባለፈው መስከረም ሁለት ዓመቷን ደፈነች። ጡት በጣለች በሳምንቱ ላማቸው ነጠፈች፤ ጤና ጣቢያ ስትመዘንም ክብደቷ ቀንሷል ተባለ። በዚያ ሰሞን በአንዱ ማክሰኞ ወተቱን ስቀዳለት ቱፋ አልጠጣውም። ኩባያውን እንደያዘ ወደ ቤት የሚወስድበት ዕቃ ይኖረኝ እንደሆን ጠየቀኝ።

ማርከሻህን ለልጅ ሰጥተህ አንተስ ምን ልትሆን ነው አልኩት። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ እችለዋለሁ አለኝ። ከመደርደሪያው ሥር የተሻለውን መርጬ አጥቤ ሰጠሁት። ለብዙ ሰው ሰጥቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ የሰጠሁበት ቀን ግን የለም።

ሰኪና ሽታውን አልወደደችውም። ወተቱን ገልብጣ በሳሙና አጠበችው፣ በአመድ ፈተገችው፤ አሁንም ይሸታል። በመጨረሻ እናቷ የወተት ዕቃ እንደምታደርገው አደረገችው። የወይራ ፍም ገል ላይ አኑራ አፉን ጭሱ ላይ ደፍታ አጠነችው። እዚህ አገር ያልታጠነ ዕቃ ውስጥ ወተት አይገባም፤ ወይራው ወተቱን ከመበላሸት ይጠብቀዋል፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ዕቃው የሚሸተው ወይራ ወይራ ብቻ ሆነ። ቱፋ በማግስቱ አምጥቶ አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ፤ እኔም ወደ ውስጥ ስቤ እንዲህ ያለች ባለሙያ ሚስት ከየት አገኘህ ብዬ ቀለድኩበት። ማስጠንቀቂያ የሚሆነን ያ ሽታ ብቻ ነበር፤ እሱንም አጥፍተን ተመሰጋገንን።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ማታ ሲፈን አስመለሳት። በሌላው ማክሰኞ ምራቋ ልብሷን እስኪያርሰው ተዝረበረበ፣ እንደ ጨርቅ ተዝለፈለፈች፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ግን ተነሥታ ተጫወተች። በሦስተኛውም እንዲሁ። መጀመሪያ ጥርስ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ የሰው ዓይን ነው አለ። ቱፋ ግን ፈረስ ያሳደገ ሰው ነው፤ መናገር የማይችል ፍጥረት ሲታመም በየትኛው ቀን እንደሚታመም ያያል። ማክሰኞ ማክሰኞ መሆኑን የደረሰበት ራሱ ነው። በአራተኛው ማክሰኞ ጠዋት ሥራ ሳይጀምር መጋዘን መጥቶ ፊቴ ቆመ።

"ጋሼ ግዛቸው፣ ልጄን የማሳምማት እኔ ነኝ" አለኝ። "የምትታመመው በረጨሁ ቀን ነው። ምን ላድርግ?"

እኔ ደግሞ አዋቂ ነኝ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን አነበብኩለት። ልብስህ ነው፣ እጅህ ነው አልኩት፤ ረጭተህ ስትገባ ሮጣ ታቅፍሃለች፣ አንተም ትስማታለህ፣ መርዙ ከአንተ ወደ እሷ ይተላለፋል። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ የትም ብትጠይቁ እንዲሁ ይነግሯችኋል። ይህን ሁሉ ስተነትን ያ ሰማያዊ ክዳን ያለው ዕቃ ለማታው ወተት ታጥኖ በመሐከላችን ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ነበር።

ምክሬን ከነገርኩት በላይ ወሰደው። የሥራ ልብሱን መጋዘኑ ጓሮ ሰቅሎ መሄድ ጀመረ። ከእርሻው በታች ባለው ወንዝ ቆዳው እስኪቀላ ይታጠባል፤ በጥቅምት ብርድ ከጭላሎ በሚወርድ ውሃ። ያም አልበቃውም፤ ቤት መግባት ተወ። ፈረሱ ይታሰርበት በነበረው ጋጣ ጭድ አንጥፎ መተኛት ጀመረ። ማክሰኞን ብቻ አይደለም፣ ሁልጊዜ ነው፤ መርዙ ከቆዳ መቼ እንደሚለቅ በምን አውቃለሁ ይላል። ሲፈን አባ እያለች ስትመጣበት ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያፈገፍጋል። ሰኪና በኋላ እንደነገረችኝ ልጅቷ ጨዋታ መስሏት እሷም እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ትከተለው ነበር።

ወተቱን ግን አንድም ማክሰኞ አላስቀረም። እጁ እንዳይነካው ዕቃውን በንጹሕ ጨርቅ ይጠቀልለዋል፤ ወስዶ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ያኖረዋል፤ ራቅ ብሎ ይጣራል፤ ሰኪና ወጥታ ታነሣዋለች። በእነዚያ ሳምንታት ከአባትየው ወደ ልጅቷ የሚሻገር ነገር ቢኖር ያ ዕቃ ብቻ ነበር።

ልጅቷም ተሻላት። ማስመለሱ ቀነሰ፣ ምራቋ ቆመ፣ ጥቅምት ሲጋመስ ማክሰኞ እንደ ማንኛውም ቀን ሆነ። ምክንያቱን ዛሬ አውቀዋለሁ፤ በየሳምንቱ በሳሙናና በአመድ ሲፈተግ ዕቃው ውስጥ ተጣብቆ የቀረው መርዝ እየተጠረገ አልቆ ነበር። ያኔ ያየነው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አባቷ ሲርቃት ልጅቷ ዳነች። ሰኪና ለምክሬ ምስጋና እንቁላል ላከችልኝ። ተቀብዬ በላሁ።

ቱፋ ራሱ ግን እየወረደ ነበር። ሌሎቹ ረጪዎች ማርከሻውን ስለማይጠጣ ነው ይላሉ፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ኩባያ ሲይዝ እጁ ይርዳል። ዓይኔ ጠበበብኝ፣ ከሩቅ ያለውን ሰው አልለየውም ይለኛል። አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ አብዲሳ አጠገብ አረፍ ብሎ ሁለቱ ጎን ለጎን የየራሳቸውን እጅ ሲመለከቱ አየሁ። በማግስቱ ለብቻው ጠርቼ ይህን ሥራ ተው አልኩት። ከቤተሰብህ ጋር ግባ፣ ልጅህን እቀፍ፣ ሌላ ሥራ አይጠፋም አልኩት።

"ብተወው ወተቱን ከየት አመጣለሁ?" አለኝ።

ኅዳር ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሰኞ ዕለት አሮጌውን ዕቃ ይዞ መጣ። ሰኪና ስታጥነው ፍሙ ቀርቦ አፉን አቅልጦት ክዳኑ አልገጥም ብሏል። ይህን ለመናገር አፍሮ ዕቃውን እያገላበጠ ብዙ ቆየ። በዚያ ወር ክሽክሹ በፊተኛው መድኃኒት አልሞት ብሎ ሌላ፣ ከፊተኛው የበረታ መጥቶልን ነበር። ሚፍታና እኔ ለማግስቱ ስንለካ ከአዲሶቹ ዕቃዎች አንዱ አለቀ፤ ቱፋ ገና እዚያው ቆሟል። ከፊተኛውም ያማረ ዕቃ ነው። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ውሃ ጥቂት ስለነበር አንድ ጊዜ ብቻ አለቀለቅኩት። ትንሽ ጠብቀኝ አልኩትና ወደ ጓዳ ይዤው ገባሁ፤ አሰናድቼ አወጣሁለት። በሁለት እጁ ተቀብሎኝ ሄደ።

ሰኪና እንደ ልማዷ አጥባ አጠነችው። እንደገና እንዳይቀልጥባት ከፍሙ ራቅ አድርጋ ረዘም ላለ ጊዜ ጭሱ ላይ ያዘችው። ማክሰኞ ወተቱን ስቀዳበት የወይራው ሽታ ከወትሮው በረታ፤ ጥሩ ታጥኗል ብዬ አሰብኩ።

ሲፈን ወተቱን የጠጣችው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ቱፋ ከወንዝ ሲመለስ ሰኪና ልጅቷን አቅፋ ደጅ ቆማ ትጮሃለች። ልጅቷ በአፏ አረፋ ትደፍቃለች፣ ሰውነቷ ይንዘፈዘፋል። ባጃጅ አስቆሙ። ሰኪና ልጅቷን ይዛ ከኋላ ገባች፤ ቱፋ ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ላይ ተንጠልጥሎ ሆስፒታል ደረሰ። ከኋላ ቦታ ነበር። እንዳይነካት ነው።

ቱፋ ስልክ ደውሎልኝ ስደርስ አንዲት ወጣት ሐኪም፣ ዶክተር ሄለን ትባላለች፣ የልጅቷን ዓይን በባትሪ እያየች ነበር። የዓይኗ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ሐኪሟ ይህ መርዝ ነው፣ ምን በላች ብላ ጠየቀች። ሰኪና ወተት ብቻ አለች። በምን ነበር ወተቱ ስትል ቱፋ ከጋቢው ሥር ዕቃውን አወጣ፤ ልጅቷ ተሽሏት ብትጠይቅ ብሎ የተረፈውን ወተት ይዞላት መጥቷል። ዶክተር ሄለን ክዳኑን ከፍታ አሸተተች፤ ዕቃውን አገላብጣ አየች።

"ላዩ ላይ ወረቀት አልነበረውም?" አለች።

"እኔ ጋ ሲደርስ ወረቀት አልነበረውም" አለ ቱፋ። "ታጥቧል፣ ታጥኗል። እኔም አልነካኋትም ዶክተር። ሰባት ሳምንት ሙሉ አልነካኋትም።"

እኔ ከበሩ አጠገብ ነበርኩ። የመጋዘኑ ኃላፊ መሆኔን ነገርኳትና የመድኃኒቱን ስም ጠራሁላት። ሌላ ቃል ሳትጠይቀኝ እየሮጠች ገባች። ያንን ምሽት በሙሉ መርፌ በመርፌ ላይ ሲሰጧት፣ ደረቷን ሲጫኑላት፣ አየር ሲያስገቡላት አየን። ማንም ቸል አላለም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ሲፈን ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሞተች።

ዶክተር ሄለን ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ለቱፋ ነገረችው። ከዚያም እሱ አልነካኋትም ያላትን ሌሊቱን ሁሉ ስታስበው አድራ ነው መሰለኝ፣ እጅህ አይደለም አለችው፤ ከታጠብክ በኋላ እጅህ ንጹሕ ነበር፣ ልታቅፋት ትችል ነበር፣ ዕቃው ነው። ቱፋ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተመለከተ።

"እጄ አይደለም?" አላት።

አይደለም አለችው። ሰኪና ይህን ስትሰማ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

የዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ቀበርናት። ሕፃን ሲሞት ቃሬዛ አያስፈልግም፤ ተገንዞ በክንድ ይያዛል። መንገዱ ረጅምና ዳገት ነው፤ በባህሉም ወንዶቹ እየተቀባበሉ ሊይዙለት በየተራ ቀረቡት፤ ሚፍታም እጁን ዘረጋ። ቱፋ ለማንም አልሰጠም። ያ የሚርደው እጁ ያን ቀን አልራደም። ዳገቱ ላይ ስንደርስ ዝግ አለና ድሮ ፈረሱን እንደሚያወራው በኦሮምኛ ቀስ ብሎ ሲያወራት ሰማሁ። የሚላትን አልገባኝም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሬ አልገባኝም። ከጎናቸው የሚሄዱት ግን ገብቷቸው ያለቅሱ ነበር።

ከቀብር ስንመለስ ቱፋ ወደ እኔ መጣ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እጄን ያዘና "አላህ ይስጥልኝ፣ ጋሼ" አለኝ። "እርስዎ ባይደርሱ ኖሮ የመድኃኒቱን ስም ማን ይነግራቸው ነበር?"

በማግስቱ መደርደሪያው ሥር ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ በሚስማር በሳኋቸው። ከዚያ የሰጠኋቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እየዞርኩ መልሱልኝ አልኩ። አሥራ አንድ አገኘሁ። አንዷ ዘይቱን ሌላ ዕቃ ውስጥ እስክትገለብጥ አስቆመችኝ። አንዱ ማር ሞልቶ ዴራ ላሉ አማቾቹ ልኮታል፤ ሌላው ሲሬ ገበያ ሸጦታል። የቀሩትን ለማን እንደሰጠሁ እንኳ አላስታውስም፤ ያኔ ደግነት ስለሆነ አልቆጠርኩትም። እርሻው ውስጥ አሁንም ማክሰኞ ማክሰኞ ይረጫል፤ እኔ ሥራውን ትቻለሁ፣ በቦታዬ ሌላ ሰው ወተቱን ይቀዳል።

ቱፋ መርጨት ትቷል፤ መርጫውን ማዘል አይችልም። አብዛኛውን ቀን አብዲሳ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ አገኘዋለሁ። ሳልፍ ለእኔ ብሎ ይነሣል፤ ጋሼ እንደምን ዋሉ ይለኛል፤ ሁለት እጁን ግን ከኋላው አጣምሮ ነው፤ ያ ልማድ አልለቀቀውም። እኔም ደህና ነኝ ብዬው አልፋለሁ። በዚያ ሰኞ ዕቃውን ይዤ ወደ ጓዳ የገባሁት ወረቀቱን ልላጥ ነበር። የራስ ቅልና ሁለት አጥንት የተሳለበት፣ ከሥሩ ቀይ መስመር ያለው ወረቀት ነው፤ ሰኪና ስታየው እንዳትደነግጥ ብዬ ለሻይ ባፈላሁት ውሃ አርሼ በቢላ አነሣሁት። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።